ሽቦው ሲበጠስ ማሽኑ ይቁም፦ የኢንተርሎክና የኬብል ዕቅድ በሰርን

(በስክሪኑ ላይ፦ የጄኔቫ አካባቢ ከአየር ሲታይ፤ መሬቱ ላይ ቀይ ክብ ይሳላል)

ይሄ ክብ 27 ኪሎ ሜትር ነው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር፣ 100 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ይገኛል። የሰርን፣ ማለትም የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር ነው፤ ባጭሩ ኤልኤችሲ። ጥቃቅን ቅንጣቶችን የሚያጋጭ ማሽን ነው። በውስጡ ፕሮቶኖች (የአቶም ጥቃቅን ቅንጣቶች) በሁለት ጨረር ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ በሰከንድ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራሉ። ሲነደፍ ለእያንዳንዱ ጨረር የታሰበው ጉልበት 362 ሜጋ ጁል ነው። ግማሽ ቶን መዳብ ያቀልጣል።

ታዲያ አንድ ነገር ሲበላሽ ይህን ጨረር ማን ያስቆመዋል? ሰው በፍጹም አይደርስበትም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ፕሮቶኖቹ ከሺህ ጊዜ በላይ ዞረዋል። ይህ ሥራ የኢንተርሎክ ነው።

ኢንተርሎክ ማለት አንድ ሁኔታ ካልተሟላ ሌላው እንዳይሠራ የሚከለክል መቆለፊያ ነው። የማይክሮዌቭ በር ሲከፈት ማሞቁን ወዲያው ያቆማል፤ እሱ ኢንተርሎክ ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ ሁለት ሣጥኖች፣ በመካከላቸው አንድ ሽቦ)

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሁኔታውን የሚለካው ሴንሰር ለመቆጣጠሪያው እንዴት ይናገር? አንደኛው መንገድ፣ አደጋ ሲኖር ብቻ «አደጋ!» ብሎ መጮህ ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» እያለ፣ አደጋ ሲመጣ ዝም ማለት ነው።

ሽቦው ቢበጠስስ? በመጀመሪያው መንገድ ጩኸቱ አይደርስም። ጸጥ ሲል ሁሉም ሰላም ነው ብለን እንቀጥላለን። በሁለተኛው ግን የሽቦው መበጠስ ራሱ ዝምታ ነው፤ ዝምታ ደግሞ «አቁም» ማለት ነው። አይጥ ብትበላው፣ ኮኔክተር ቢላላ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ማሽኑ ይቆማል። በከንቱ የቆመ ማሽን ያናድዳል፣ ግን ማንንም አይጎዳም።

ኤልኤችሲም የሚሠራው እንዲሁ ነው። በፋይበር ኬብል የሚሄድ የብርሃን ሲግናል ቀለበቱን ይዞራል። በየቦታው ያሉት የኢንተርሎክ ሣጥኖች ሁሉም ደህና ከሆነ ያሳልፉታል። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ሲግናሉ ይጠፋል፣ ጨረሩም በሦስት ዙር ውስጥ ከቀለበቱ ወጥቶ ወደ ትልቅ የግራፋይት ግንድ ይወረወራል። ለእያንዳንዱ ጨረር እንዲህ ያለ የሲግናል መስመር ሁለት አለ፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው ይይዛል።

ለሰው ደህንነት ያለው ደግሞ እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ነው። ዋሻው ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ከመደርደሪያው የራሱን ቁልፍ ይወስዳል። አንድ ቁልፍ እንኳ ካልተመለሰ ጨረር አይለቀቅም። ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ እስካለ ድረስ ማሽኑ የእናንተን መውጣት ይጠብቃል።

(በስክሪኑ ላይ፦ «መስከረም 2008 እ.ኤ.አ.»)

ጠባቂ መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 2008፣ የመጀመሪያው ጨረር ከዞረ ከ9 ቀን በኋላ፣ በአንዱ የቀለበቱ ክፍል ፕሮቶኖቹን በክብ መንገድ የሚያዞሩትን ማግኔቶች ከረንት እየጨመሩ ነበር። 8,700 አምፔር ገደማ ላይ በሁለት ማግኔቶች መካከል ያለ አንድ መገጣጠሚያ ከዳ። ብልሽት የነበረበት መገጣጠሚያ ነው፤ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ከረንቱን የሚቃወምበት መጠን፣ 220 ናኖ ኦም ገደማ እንደነበር ኋላ ተገምቷል።

አብራችሁኝ አባዙ። 8,700 አምፔር በ220 ናኖ ኦም ሲባዛ 2 ሚሊ ቮልት እንኳ አይሞላም። መገጣጠሚያዎቹን የሚከታተለው ጠባቂ መሣሪያ ደግሞ የተስተካከለው 1 ቮልት ሲያይ እንዲነቃ ነበር! 1 ቮልት ሲደርስ ነገሩ አልፎ ነበር። የኤሌክትሪክ ብልጭታ ማግኔቶቹን የሚያቀዘቅዘውን የሂሊየም ዕቃ በሳው፣ 6 ቶን ገደማ ሂሊየም አፈተለከ፣ 53 ማግኔቶች ከዋሻው ወደ ላይ መውጣት ነበረባቸው። ጨረር የተመለሰው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ በኖቬምበር 2009 ነው።

ከዚያ በኋላ 0.3 ሚሊ ቮልት የሚሰማ አዲስ ጠባቂ ተሠራ። መገጣጠሚያዎቹ 10 ሺህ ገደማ ናቸው። ተሠርቶ ባለቀ ዋሻ ውስጥ አዲስ ኬብል መዘርጋት ግድ ሆነ። ኬብል ከመሣሪያው በፊት ይታቀድ የምለው ለዚህ ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ የኬብል መደርደሪያ)

ሲታቀድ ምን ይታያል? የፓወር ኬብልና የሲግናል ኬብል በአንድ መደርደሪያ አይሄዱም። መሻገር ካለባቸው አንዱ ሌላውን በቀጥታ ያቋርጠው፤ ጎን ለጎን ረጅም መንገድ ከሄዱ የፓወሩ ጫጫታ ሲግናሉ ውስጥ ይገባል። ከመሬት በታች እሳት ቢነሳ መርዛማ ጭስ እንዳያፍን ሰርን ሃሎጅን የሌለበት የኬብል ሽፋን ይጠይቃል። ለኋላ የሚሆን ትርፍ ሽቦ አብሮ ይዘርጋ። መለያ ጽሑፍ በሁለቱም ጫፍ ይለጠፍ፣ በአንዱ ብቻ አይበቃም።

ሁለት መጠባበቂያ ኬብሎች ደግሞ በአንድ ቀዳዳ አይለፉ። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ፣ አላባማ በሚገኘው ብራውንስ ፌሪ የኒውክሌር ጣቢያ፣ ሠራተኞች አየር የሚያስገባ ክፍተት በሻማ ሲፈልጉ ኬብሎቹ የሚያልፉበት ግድግዳ መድፈኛ ተያያዘ። ከ1,600 በላይ ኬብሎች ተጎዱ። አንዱ የሌላው መጠባበቂያ የነበሩ መሣሪያዎች አብረው ጠፉ።

ርዝመትም ቁም ነገር ነው። ሲግናል በኬብል ውስጥ አንድ ሜትር ሲሄድ 5 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፔራ የተባለ የፊዚክስ ሙከራ ኒውትሪኖ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከሰርን እስከ ጣሊያኑ ግራን ሳሶ፣ 730 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከብርሃን 60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ደረሱ ብሎ ዓለምን አነጋገረ። ዋናው ጥፋተኛ በማግስቱ ዓመት ተገኘ፦ የጂፒኤስ ሰዓቱን የሚያመጣው የፋይበር ኬብል ኮኔክተር በደንብ አልገባም ነበር። ከብርሃን የሚፈጥን የለም ያለውን አንስታይንን የተፈታተነው እሱ ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ የእጅ ጓንት፣ ኮኔክተር ሲነቀል)

በመጨረሻ ፍተሻው። ኮምፒውተር ላይ «ሲግናል የለም» ብሎ ማስመሰል ፍተሻ አይባልም። ቦታው ድረስ ሂዱና ኬብሉን ንቀሉ። በሩን ክፈቱ። ማን እንደነቀለ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ማሽኑ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደቆመ ጻፉ። ነገ አንድ ሰው ያንን ኬብል በአዲስ ከቀየረው፣ የትናንቱ ፍተሻ አይሠራም፤ እንደገና ይነቀል።