የጣና ዳር ገበሬ የጎደለው ግንዛቤ አይደለም

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ስለ ጣና በተወራ ቁጥር የሐይቁ ዳር ገበሬ «ግንዛቤ ይጎድለዋል» ሲባል እሰማለሁ። አይጎድለውም። የጎደለው ሌላ ነው።

እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ጣና ላይ መታየቱ በይፋ ከተነገረ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የፎገራ፣ የደንቢያ፣ የሊቦ ከምከምና የጎንደር ዙሪያ ገበሬ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ይገባል። ተክሉን ይዞ ይጎትታል። ጥቁሩ ሥር ጭቃ አዝሎ ይወጣል፤ ይከብዳል፣ ገላ ያሳክካል። አልቅትም አለ። ማታ ክምሩን አይቶ ደስ ብሎት ይገባል። ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ሌላ አረንጓዴ ምንጣፍ ገፍቶ ያመጣለታል። አረሙ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

ታዲያ ዘመቻ የሚጠራው መቼ ነው? የ2013ቱ የአንድ ወር ዘመቻ የተጀመረው ጥቅምት ላይ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አረሙ ስለሚሰፋ ወቅቱስ ልክ ነው። ግን ያኔ አዝመራም ይደርሳል። እምቦጭ ሲነቅል የሰነበተ ሰው ሩዙ ማሳ ላይ ይረግፍበታል። ከዘመቻ የቀረውን «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡልኝ።

ገበሬው አረሙ ለምን እንደሚወፍርም ያውቃል። ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከላይ አፈርና ማዳበሪያ ጠርገው ይወርዳሉ። የከተማው ፍሳሽ ይጨመርበታል። እውነቱን እንነጋገር ካልን ገበሬውም ከጥፋቱ ነጻ አይደለም። ውኃው ሲጎድል ደንገሉን መንጥሮ ባሕር ሸሹን፣ ሐይቁ የለቀቀውን መሬት፣ ያርሳል። ደንገል ደለል ይይዝ ነበር፤ አሣ ይራባበት፣ ታንኳ ይሠራበት ነበር። ይህን ስትነግሩት አይከራከራችሁም። ግን ልጁ መሬት የለውም፤ የት ይረስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ የመጣ ባለሙያ እኔ እስካሁን አላየሁም።

እናም የዘመቻውን ቀን ከቀበሌው ሰው ጋር ተማክራችሁ ቁረጡ። ገበሬው ለነቀለበት ቀን እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ ይከፈለው። የተነቀለውን ከዳር አርቃችሁ አስወግዱ፤ እዚያው ከቀረ የክረምቱ ሙላት መልሶ ይወስደዋል። ከመካከላችሁ ባሕር ዳር ከተማ ላይ ሆቴል ያላችሁ ደግሞ፣ ነገ ጠዋት የፍሳሽ ቧንቧችሁን ተከትላችሁ የት እንደሚገባ እዩ።

አመሰግናለሁ።