መብራት ሲበራ ሙቀቱ ለምን ይጨምራል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። አሮጌ መኪና ለምትነዱ ሰዎች አንድ ነገር ላውራ ብዬ ነው። ማታ እየነዳችሁ የፊት መብራት ታበራላችሁ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ታጠፉታላችሁ ይመለሳል። ፍሬቻ ስታበሩ ደግሞ ከፍሬቻው ጋር እኩል ከፍ ዝቅ ይላል። ይሄኔ ብዙ ሰው ሞተሩ ሞቀ ብሎ ይደነግጣል፣ ሌላው ደግሞ ጌጁ፣ ማለትም መለኪያው፣ ተበላሽቷል ብሎ ጨርሶ ማየት ይተዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም የእውነት የሞቀ ቀን የሚያስጠነቅቀው ያው ጌጅ ነው እኮ።

እስቲ እናስበው፣ ሞተር በፍሬቻ ምት አይሞቅም አይቀዘቅዝም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ታንክ ውስጥ ያለው ነዳጅም ቢሆን መብራት ስለበራ አይጨምርም አይቀንስም። ስለዚህ ቀስቱ ከመብራት ጋር ከተንቀሳቀሰ የሚያወራው ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ ሽቦው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ማሳው ነው፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር። ሁለት የፊት አምፖሎች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ቢሆኑ በ12 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይወስዳሉ። የማሳው ብሎን ዝጎ 0.1 ኦም ብቻ መቃወም ከጀመረ እዛች ቦታ ላይ 0.9 ቮልት ይጠፋል። ጌጁም በዛው መንገድ የሚመለስ ከሆነ ዜሮ ብሎ የሚነሳበት ነጥብ ከፍ አለበት ማለት ነው፣ ሴንሰሩ ምንም ሳይለወጥ እሱ የተሳሳተ ያነባል። 0.1 ኦም ማለት በጣም ትንሽ ነገር ነው፣ በብሎን ስር ያለ ቀለምና ዝገት ይበቃዋል።

እና እኔ መጀመሪያ የማየው የትኛው ቀስት ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚንቀሳቀስ ነው። ሙቀትና ነዳጅ ሁለቱም አንድ ላይ ከፍ ካሉ፣ ታንኩ ግማሽ ሆኖ ሙሉ ካለ፣ ሙቀቱም ቀዩ ጋር ከደረሰ፣ ሁለት ሴንሰር በአንድ ቀን አይበላሽም። ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ከጌጆቹ ጀርባ ቮልቴጅ የምታስተካክል ትንሽ እቃ አለች፣ ውስጧ በሙቀት የሚታጠፍ ብረት አለ፣ ሲሞቅ ይላቀቃል ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፣ በዚህ መሀል ለጌጆቹ የባትሪውን ሳይሆን አነስ ያለ አማካይ ቮልቴጅ ትሰጣለች፣ በብዙዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ወደ 10 ቮልት ነው። የሷ ማሳ ከተቋረጠ ሙሉ የባትሪው ቮልቴጅ ያልፍና ሁለቱም ቀስቶች አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ የነዳጅ ተንሳፋፊ (ታንክ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ሴንሰር) ለመቀየር ታንክ ከማውረዳችሁ በፊት በናታችሁ እሷን እዩ።

ቻርጅ ላይ ደግሞ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አንዳንድ መኪና አምፔር መለኪያ ነው ያለው፣ ሌላው ቮልት መለኪያ። አምፔሩ ባትሪው ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን ነው የሚያሳየው፣ ሞተር እንደተነሳ ወደ ፕላስ ይሄዳል ከዛ ቀስ እያለ መሀል አካባቢ ይቀመጣል፣ ይሄ ጤነኛ ነው፣ ባትሪው ሞልቷል ማለት ነው። ቮልት መለኪያ ግን ሌላ ነው፣ ሞተር ጠፍቶ ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ፣ ሞተር ሲሰራ ከ13.8 እስከ 14.4። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ፣ ሆናችሁ መብራት፣ መጥረጊያ፣ የአየር ማራገቢያ ሁሉንም ብታበሩ ትንሽ ይወርዳል፣ ነዳጅ ስትረግጡ ከተመለሰ ችግር የለውም። ረግጣችሁም ከ13 በታች ከቀረ አልተርኔተሩን (ሞተሩ እያዞረው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን) እና የሚያዞረውን ቺንጋ (ቀበቶ) እዩ፣ 15 ካለፈ ደግሞ ባትሪውን እየቀቀለው ነው፣ አታዘግዩት።

ቀይዋ የባትሪ መብራት ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ በጣም የምወዳት ስለሆነች። ቁልፍ ስትከፍቱ በአንድ በኩል ከባትሪ 12 ቮልት ያገኛታል፣ በሌላ በኩል በአልተርኔተሩ ወደ ማሳ ይወርዳል፣ ትበራለች። ሞተሩ ተነስቶ አልተርኔተሩ ማመንጨት ሲጀምር በሁለቱም በኩል ያለው ቮልቴጅ እኩል ስለሚሆን ትጠፋለች። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ አልተርኔተሩን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው በሷ ውስጥ የሚያልፈው ትንሽ ከረንት ነው፣ ስለዚህ አምፖሏ ከተቃጠለች ሞተሩን በደንብ እስክትረግጡት ድረስ ላይሞላ ይችላል። ቁልፍ ስትከፍቱ ካልበራች ደስ አይበላችሁ። የድሮዋ ቮልስ ዋገን ቢትል ላይማ በጉዞ መሀል ከበራች ወዲያው መቆም ነው፣ ምክንያቱም ዲናሞውንና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋን የሚያዞረው አንዱ ቺንጋ ነው፣ እሱ ከተበጠሰ ሞተሩ ራሱ ይቃጠላል።

ማሳውን ለማየት ቴስተር (ቮልት የሚለካ መሳሪያ) ይበቃል። ሞተር አስነሱ፣ መብራት አብሩ፣ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሌላውን የዳሽቦርዱ ማሳ ላይ አድርጉ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከ0.2 ከበለጠ በመሀል ያሉትን ብሎኖች ፈታችሁ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉና መልሳችሁ አጥብቁ፣ ከባትሪ ወደ ቦዲ የሚሄደውንም እንዲሁ። ይሄን አድርጋችሁ የሙቀት ቀስቱ ብቻውን፣ መብራት ሳይነካ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ከሄደ ግን ሽቦ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ዳር ይዛችሁ አቁሙ፣ ራዲያተሩንም እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት።