ኪርያላይሶን ማለት ምን ማለት ነው? ማመን፣ ማወቅና መረዳት

አዘጋጁ፦ ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንወያየው ሃይማኖትን የበለጠ የሚያውቀው የሚያምነው ነው ወይስ የማያምነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። መነሻችን የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ጥናት ነው። ማዕከሉ በዚያች አገር የሚኖሩ 3,412 አዋቂዎችን ስለ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ስለ ክርስትና፣ ስለ ሌሎች የዓለም ሃይማኖቶችና ስለ ሃይማኖትና ሕግ 32 ጥያቄዎችን ጠይቋቸው ነበር። አማካዩ ውጤት 16 ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ያገኙት ግን አምላክ የለም የሚሉና መኖር አለመኖሩን ማወቅ አይቻልም የሚሉ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ 20.9፣ አይሁድ 20.5፣ ሞርሞኖች ማለትም አሜሪካ ውስጥ የተነሣው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ደግሞ 20.3 አግኝተዋል።

አዘጋጇ፦ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ብቻውን ተነጥሎ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ስለ መጽሐፍ ቅዱስና ስለ ክርስትና የቀረቡት 12 ጥያቄዎች ለብቻቸው ሲታዩ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፤ ሞርሞኖች 7.9፣ ነጭ ወንጌላውያን 7.3፣ የማያምኑት ደግሞ 6.7 ነው ያገኙት። የማያምኑት ብልጫ ያሳዩት በዋናነት ስለ እስልምና፣ ስለ ቡድሂዝም፣ ስለ ሂንዱይዝምና ስለመሳሰሉት ሲጠየቁ ነው። ስለዚህ «ኢአማኒው ክርስትናን ከክርስቲያኑ በላይ ያውቃል» ብሎ መደምደም ጥናቱ ያላለውን ማስባል ነው።

አዘጋጁ፦ እውነት ነው። ሆኖም እኔን ያሳዘነኝ አማኙ ስለ ራሱ እምነት የመለሰው መልስ ነው። ካቶሊኮች ከሆኑት መካከል 45 በመቶ የሚሆኑት፣ ቤተ ክርስቲያናቸው በቅዳሴ ጊዜ ኅብስቱና ወይኑ በእርግጥ ሥጋውና ደሙ ይሆናል ብላ እንደምታስተምር አላወቁም። ፕሮቴስታንቶችም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተሐድሶውን እንቅስቃሴ ያስነሳው ማርቲን ሉተር መሆኑን መለየት አልቻሉም። ቁርባን ለካቶሊክ የእምነቱ እምብርት እንጂ ዳር ላይ ያለ ነገር አይደለም። እኛም ብንሆን ለፍርድ መቸኮል የለብንም፤ «ተዋሕዶ ነኝ» የምንል ስንቶቻችን ቃሉ ምን እንደሚል ለጠየቀን ሰው እናስረዳለን? አባቶች ማንኛውም ምእመን እንዲማራቸው ያዘጋጇቸውን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በቅደም ተከተል የምንጠራ ስንቶቻችን ነን?

አዘጋጇ፦ በጥናቱ ለውጤት መለያየት ትልቁ ምክንያት ትምህርት ነው። ኮሌጅ የጨረሱት ከሁለተኛ ደረጃ ካልዘለሉት በአማካይ ወደ 8 የሚጠጉ ጥያቄዎችን አብልጠው መልሰዋል። ነገር ግን የትምህርት ደረጃው እኩል በሆኑ ሰዎች መካከልም የማያምኑት፣ አይሁድና ሞርሞኖች ከሌላው እንደሚበልጡ ታይቷል። እንደ እኔ እምነት እነዚህን ሦስቱን የሚያገናኛቸው በዚያች አገር ጥቂቶች መሆናቸው ነው። ጥቂት የሆነ ሰው ሁልጊዜ ይጠየቃል፤ ለምን እንዲህ እንደሚጾም፣ ለምን እንደማይጸልይ፣ ለምን በዓሉን እንደማያከብር ማስረዳት ይኖርበታል። ብዙኃኑ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ይኖራሉ። እኔ ይህን የማውቀው ከራሴ ነው፤ ወሎ ውስጥ ግማሹ ዘመዴ ክርስቲያን በሆነበት ቤት ስላደግሁ፣ ገና በልጅነቴ ስለ ሶላት ለአክስቶቼ ልጆች መልስ መስጠት ነበረብኝ።

አዘጋጁ፦ በዚህ ላይ ከማያምኑት አብዛኞቹ ያደጉት በክርስቲያን ቤት ነው። ከአንድ እምነት የሚወጣ ሰው ከመውጣቱ በፊት መርምሮታል፣ ተከራክሮበታል፣ ምናልባትም አልቅሶበታል። የእናቴ ወንድም እንደዚህ ያለ ሰው ነበር። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ከደገመ በኋላ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. በአብዮቱ ጊዜ ተማሪ ሳለ እምነቱን ተወ። ቢሆንም በቤተሰባችን ውስጥ ግእዝ የሚፈታልን እርሱ ብቻ ነበር። አንድ ዓመት በሰሙነ ሕማማት እናቴ ከስግደት ስትመለስ «ኪርያላይሶን ግእዝ እንዳይመስልሽ፤ የግሪክ ቃል ነው፣ ጌታ ሆይ ማረን ማለት ነው» አላት። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ያንን ቃል እያለች ስትሰግድ ኖራለች፤ ትርጉሙን የነገራት ግን የማያምነው ወንድሟ ነው።

አዘጋጇ፦ እንዲህ ያለውን ነገር ስንሰማ አንዳንዶቻችን «ዋናው ልብ ነው፣ ትርጉሙ ምን ያደርጋል» እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። በመድረሳ ቁርኣን ስቀራ ፋቲሓን በቃሌ የያዝሁት አንድም የዐረብኛ ቃል ሳልረዳ ነው። ፋቲሓ በአምስቱ የግዴታ ሶላቶች ውስጥ በቀን 17 ጊዜ የሚነበብ ምዕራፍ ነው። ትርጉሙን አንድ በአንድ የተማርሁት ካደግሁ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶላቴ ረዘመ፤ «ቀጥተኛውን መንገድ ምራን» የሚለው ላይ ስደርስ ማለፍ አቅቶኝ የምቆምበት ጊዜ አለ።

አዘጋጁ፦ እናቴም በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያለችኝ ይህንኑ ነው፤ «ዛሬ የምለውን እያወቅሁ ሰገድሁ» አለችኝ። ለዚህ ነው ትርጉም ማወቅ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም የምለው።

አዘጋጇ፦ የአጎትህስ ዕውቀት ሙሉ ነበር ትላለህ? ጥያቄና መልስ ማለፍ አንድ ነገር ነው፣ ጎንህ ያለው ሰው ለምን እንደሚጸልይ መረዳት ደግሞ ሌላ ነው።

አዘጋጁ፦ ሙሉ አልነበረም፤ ይህንንም ኋላ ራሱ ደርሶበታል። እናቴ በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የጽጌን ጾም ትጾማለች። አጎቴ ይህ ጾም ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት እንደማይቆጠርና የፈቃድ ጾም እንደሆነ አሳምሮ ስለሚያውቅ፣ ያልታዘዘችውን የምትጾመው ሲኦልን ፈርታ ነው ብሎ ደምድሞ ኖሯል። ለብዙ ዓመታት አንድ ቀን እንኳን አልጠየቃትም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ሁለቱም ካረጁ በኋላ፣ ቡና እየተፈላ፣ «ለመሆኑ ይህን ጾም ማን አዘዘሽ?» አላት። እርሷም «በ77ቱ ድርቅ ልጆቼ ሲተርፉልኝ የተሳልሁት ነው፤ በጾምሁ ቁጥር ያኔ ያልተረፉትን የጎረቤቶቼን ልጆች አስባቸዋለሁ» አለችው። አጎቴ ሲኒውን አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም የልጆቹን ስም አንድ በአንድ እንድትነግረው ለመናት።