የኤሌክትሪክ ቻርጅ ፍቺ እንዴት ተቀያየረ?

ተራኪ፦ ኤሌክትሪክ ቻርጅ ምንድን ነው? የፊዚክስ መጽሐፍ ብትከፍቱ እንዲህ ይላችኋል፦ አንድን ነገር በኤሌክትሪክ ጉልበት እንዲሳብ ወይም እንዲገፋ የሚያደርገው ባሕርይ ነው። እሺ። የኤሌክትሪክ ጉልበትስ? ቻርጅ ባላቸው ነገሮች መካከል ያለው ጉልበት። ዞሮ ዞሮ እዚያው!

በዚህ ግራ የተጋባ ተማሪ አይፈረድበትም። ግን መልሱ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ፊዚክስ ቻርጅን የሚያውቀው በሚያደርገው ነገር ነው፤ የሚፈታውም በሚለካበት መንገድ ነው። መለኪያው በተሻሻለ ቁጥር ፍቺውም አብሮ ተቀይሯል። ታሪኩን እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

[ምስል፦ በሐር ጨርቅ የሚታሽ የመስታወት ዘንግ፣ ጎኑ በሱፍ የሚታሽ አምበር]

አምበር ለረጅም ዘመን ደርቆ ድንጋይ የመሰለ የዛፍ ሙጫ ነው። ሲታሽ ገለባ እንደሚስብ የጥንት ግሪኮች ያውቁ ነበር። በ1600 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት ሌሎች ብዙ ነገሮችም ሲታሹ እንደሚስቡ አሳየ። ጉዳዩ ከማግኔት የተለየ መሆኑንም አስረዳ።

ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1733 ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ዱ ፌ የታሸ መስታወት ሌላ የታሸ መስታወትን እንደሚገፋ አየ። የታሸ ሙጫም ሙጫን ይገፋል። መስታወትና ሙጫ ግን ይሳሳባሉ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሁለት ዓይነት ነው ብሎ ደመደመ፦ የመስታወትና የሙጫ።

በ1747 አካባቢ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነገሩን በሌላ ዓይን አየው። ለእሱ ኤሌክትሪክ አንድ ፈሳሽ ነው። የበዛበት ነገር ፕላስ፣ የጎደለበት ማይነስ። ማሸት ፈሳሹን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግረዋል እንጂ አይፈጥረውም። የፈሳሹ ሐሳብ ዛሬ ቀርቷል። ከውስጡ የወጣው ሕግ ግን እስከ አሁን አልተነቃነቀም፦ አንድ ነገር ወደ ውስጡ የሚገባም ከውስጡ የሚወጣም ቻርጅ ከሌለ፣ የቻርጁ ድምር አይለወጥም።

ፍራንክሊን ፕላሱን ለታሸ መስታወት ሰጠ። የትኛው በእርግጥ እንደሚንቀሳቀስ በዚያ ዘመን ማወቂያ አልነበረም። በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን፣ በአቶም ውስጥ ያለችውን ጥቃቅን ቅንጣት፣ ሲያገኝ ማይነስ ሆኖ ተገኘ። በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ የከረንት (የቻርጅ ፍሰት) ቀስት ወደ ተቃራኒው የሚሳለው በዚህ የተነሳ ነው።

[ምስል፦ በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ]

ወደ ፍራንክሊን ዘመን እንመለስ። እስከዚያ ድረስ ቻርጅ አለ ወይም የለም ከማለት ያለፈ ሁነኛ ልኬት አልነበረም። የለወጠው በ1785 ፈረንሳዊው ኢንጂነር ሻርል ኦጉስተን ደ ኩሎም ነው። በቀጭን ሽቦ ላይ ቀላል ዘንግ አንጠለጠለ። በዘንጉ ጫፍ ያለችው ኳስና አጠገቧ የቆመችው ሌላ ኳስ አንድ ዓይነት ቻርጅ ያዙ። ሲገፋፉ ሽቦው ይጠመዘዛል፤ የጥምዘዛው መጠን ጉልበቱን ይናገራል።

ውጤቱን በቁጥር እዩት። ኳሶቹ 36 ዲግሪ ሲራራቁ ጥምዘዛው 36 ዲግሪ ነበር። ወደ 18 ዲግሪ እንዲቀራረቡ ግን ጥምዘዛው 144 መድረስ ነበረበት። ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ ጉልበቱ 4 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እኔ በፊዚክስ ውስጥ እንደዚህ ንጹሕ ሆኖ የሚያስደስተኝ ሙከራ ጥቂት ነው።

የቻርጁ መጠንስ? እዚህ ላይ ዘዴዋ ግሩም ናት። ቻርጅ ያለውን ኳስ በሁሉም ነገር ከሚመስለው ባዶ ኳስ ጋር አነካኩት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱ ከሌላው የሚበልጥበት ምክንያት የለም፤ እኩል ይካፈላሉ። ግማሽ አገኛችሁ። ድገሙት፣ ሩብ ይሆናል። ምንነቱን ሳናውቅ ቆጥረን መከፋፈል ቻልን!

ከዚያ በኋላ አሃድ ማውጣት ቀላል ሆነ። አንደኛው ፍቺ በቀጥታ ከጉልበት የመጣ ነበር፦ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት እኩያውን በ1 ዳይን (ትንሽ የጉልበት መለኪያ) የሚገፋ ቻርጅ። በ1881 ግን ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ኩሎም የሚባለውን አሃድ ተቀበሉ፦ 1 አምፔር ከረንት በ1 ሰከንድ የሚያሻግረው ቻርጅ። አምፔር ራሱ በ1908 የተወሰነው በኬሚስትሪ ነው፦ ከብር ናይትሬት (ብር ያለበት ጨው) የውኃ ሙሙት በየሰከንዱ 0.001118 ግራም ብር የሚያወጣ ከረንት። በ1948 ደግሞ ከረንት በተሸከሙ ሁለት ትይዩ ሽቦዎች መካከል ባለው ጉልበት ተተካ።

[ምስል፦ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መሀል የተንሳፈፈች የዘይት ጠብታ]

በዚህ መሀል ቺካጎ ላይ ሌላ ነገር ተገኘ። ከ1909 ጀምሮ የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ሚሊካን፣ ከተማሪው ከሃርቪ ፍሌቸር ጋር፣ ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎችን ያጠና ነበር። ስበት ጠብታዋን ወደ ታች ይጎትታል፣ በሰሌዳዎቹ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ጉልበት ወደ ላይ። የጠብታዋን ፍጥነት ለክቶ በላይዋ ያለውን ቻርጅ ያሰላል። የሚወጣው ቁጥር ሁልጊዜ የአንድ ትንሽ መጠን ሙሉ ብዜት ሆነ፤ 1 ጊዜ፣ 2 ጊዜ፣ 3 ጊዜ። ግማሽ የለም። በ1913 ያሳተመው ዋጋ ዛሬ ከምናውቀው በ0.6 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ የአየሩን የመቋቋም ባሕርይ የሚገልጸው ቁጥር ትንሽ ስለተሳሳተ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ 1.602176634 × 10⁻¹⁹ ኩሎም]

በግንቦት 20 ቀን 2019 ነገሩ ተገለበጠ። ቀድሞ የኤሌክትሮን ቻርጅ በኩሎም ይለካ ነበር። አሁን ይህ ቁጥር በስምምነት ተቆርጧል፤ ስህተት የሚባል ነገር የለውም። አምፔርም ኩሎምም የሚወጡት ከእሱ ነው። 1 ኩሎም ማለት ከ6 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ የኤሌክትሮን ቻርጅ ማለት ነው። ልኬት ወደ ቆጠራ ተለወጠ።

ኳርኮች፣ ማለትም ፕሮቶንን የመሳሰሉት የሚሠሩባቸው ቅንጣቶች፣ የኤሌክትሮን ቻርጅን መጠን አንድ ሦስተኛ ወይም ሁለት ሦስተኛ ይይዛሉ፤ ግን ብቻቸውን ተነጥለው አይገኙም። ፕሮቶን የሦስት ኳርኮች ስብስብ ነው፣ ኤሌክትሮን ኳርክ የለውም። ሆኖም ቻርጃቸው በመጠን ፍጹም እኩል ነው፤ እስካሁን በተደረጉ ሙከራዎች ልዩነት አልተገኘም። ለምን? የፊዚክስ ሊቁ ፖል ዲራክ በ1931 አንድ መንገድ ጠቆመ፦ አንድ ዋልታ ብቻ ያለው ማግኔት በዓለም ላይ አንድ እንኳ ካለ፣ ቻርጅ የግድ በቁርጥ መጠን ብቻ መገኘት አለበት። እንዲህ ያለ ማግኔት ዛሬም እየተፈለገ ነው፤ አልተገኘም።