አባትየው ሽጉጡን ሲያነሳ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ርዕሱ ሲነበብ አክሽን ፊልምና የቤተሰብ ወግ ምን አገናኛቸው ብሎ የሳቀ ሰው አይቻለሁ፣ አልፈርድበትም፣ ሰው እንደ ቆሎ በጥይት በሚቆላበት ፊልም ስለ ትዳር ይወራል ብሎ ማን ይጠብቃል። እኔ ግን ተኩሱን ቀንሳችሁ ካያችኋቸው አብዛኞቹ የቤተሰብ ድራማ ናቸው ባይ ነኝ፣ ፖለቲካውም የሚገባው በዛው በር ነው።

ዳይ ሃርድን ውሰዱ፣ 1988፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው እንዳትደናገሩ። ሁላችንም የምናስታውሰው ብሩስ ዊሊስ በባዶ እግሩ ስባሪ መስታወት ላይ ሲሄድ ነው። ግን ነገሩ ከምን ተነሳ? ሰውየው የኒውዮርክ ፖሊስ ነው፣ ሚስትየው ሎስ አንጀለስ አንድ የጃፓን ኩባንያ ውስጥ ትልቅ ሥራ አግኝታ ልጆቹን ይዛ ሄዳለች፣ እሱ ለገና ሊጠይቃት ይመጣና የኩባንያው ፎቅ ሥር ባለው ኮምፒውተር ስሟን ሲፈልግ በሱ ስም የለችም፣ በአባቷ ቤት ስም ነው የተመዘገበችው። እኛ ጋ ሴት አግብታ ስሟን ስለማትቀይር ታዲያ ምን ይጠበስ ያሰኛል፣ እዛ ግን ትዳሩ መሰንጠቁን የሚያሳብቀው እሱ ነው።

አሁን ሰዓቷን እዩልኝ። ኩባንያው ለሥራዋ የሸለማት ሮሌክስ አለ፣ ባልደረባዋ ባሏ ፊት ሰዓቱን አሳይው እንጂ እያለ ይጎተጉታታል። መጨረሻ ላይ ፎቁን የያዙት ወንበዴዎች አለቃ ሃንስ ግሩበር በመስኮት ሲንጠለጠል ምን ይዞ ነው የሚንጠለጠለው? የሷን እጅ፣ እዛው ሰዓቱ ላይ፣ እና ባልየው ማሰሪያውን ፈታ ሲያደርገው ሰውየው ቁልቁል ይሄዳል። ከዛ ውጪ ወጥተው ባል በአባቷ ቤት ስም ሲያስተዋውቃት ራሷ አርማው በሱ ስም ትጠራለች። አለቀ። አንድም ሰው ስለ ሴት ሥራ ንግግር አላደረገም፣ ጃፓኖች አሜሪካን ሊገዟት ነው የሚለውም ከአንድ ቀልድ አላለፈም፣ በወቅቱ ግን ሁለቱም የሰፈር ወሬ ነበሩ፣ አንዲት የሰዓት ማሰሪያ ጨረሰችው። በነገራችን ላይ ፊልሙን እወደዋለሁ፣ በጣም ነው የምወደው።

ቴክን የሚባለው ፊልም ላይ ነገሩ ይከብዳል። የሊያም ኒሰንን የስልክ ንግግር በቃሉ የማይደግም ጎረምሳ የለም መቼም። አባት ዓለምን አውቃታለሁ፣ አትሂጂ ብሎ ነበር፣ ከተፋቱ የቆዩት እናት ግን ልጅቷን አታፍናት ብላ ፈቃዱን አስፈረመችው፣ የ17 ዓመቷ ልጅ ፓሪስ ገባች፣ ገና በዕለቱ ታፈነች። አባት ልክ ነበር፣ እናት ተሳሳተች፣ የቀረው ሰዓት በሙሉ የዚህ ማረጋገጫ ነው። እኔም ወላጅ ነኝ፣ ልቤ ከሰውየው ጋር ይሮጣል፣ አልዋሽም። ችግሩ እየሮጥን ምን እንዳለፍን አለማየታችን ነው፦ አንዱን አፋኝ አስሮ በኤሌክትሪክ ይጠብሰዋል፣ ሰውየው ስም ይሰጠዋል፣ ከሰጠውም በኋላ መልሶ አብርቶበት ይወጣል። የድሮ ጓደኛው ቤት ደግሞ ራት ማዕድ ላይ የጓደኛውን ሚስት ክንዷን በጥይት ይመታታል፣ ምንም ያላጠፋች ሴት፣ ባሏ አፉን እንዲከፍት ብቻ! የራሱን ቤት ለማዳን የሰው ቤት ገብቶ፣ እኛም ፖፕኮርናችንን አላስቀመጥንም።

ፊልሙ ፈረንሳይ የወጣው የካቲት 2008 ነው፣ በቀጣዩ ወር የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ቡሽ የስለላ ድርጅቱ ሲአይኤ እስረኛን በውሃ እያፈነ እንዳይመረምር የሚከለክለውን ሕግ በቪቶ ጣሉት። አንዱ ሌላውን አዞታል እያልኩ አይደለም፣ የሰሩትም ፈረንሳዮች ናቸው። ግን 2014 ላይ የአሜሪካ ሴኔት የደህንነት ኮሚቴ ያ ምርመራ መረጃ ለማግኘት ውጤታማ አልነበረም ብሎ ሪፖርት ሲያወጣ ሪፖርቱን ስንት ሰው አነበበው፣ ፊልሙንስ ስንት ሰው አየው?

ፊልሙን የሚያዝም መንግሥት አለ ደግሞ። 1986 ላይ የወጣው የጦር አብራሪዎች ፊልም ቶፕ ገን ሲሰራ የአሜሪካ ባህር ኃይል መርከብና ጄት ሰጥቷል፣ ስክሪፕቱንም አይቷል፣ የጀግናው ፍቅረኛ መጀመሪያ የባህር ኃይል ባልደረባ ነበረች፣ መኮንንና የበታች አባል አይፋቀሩም ስለተባለ ሲቪል ሆና ቀረች።

ቻይናዎች ደግሞ 2017 ላይ በዎልፍ ዋሪየር 2 ነገሩን ገለበጡት። ቦታው ስሟ ያልተጠራ አፍሪካዊት ሀገር ናት። ጀግናው ሚስትም ልጅም የለውም፣ እንደ ልጁ የያዘው ቱንዱ የሚባል አፍሪካዊ ልጅ አለ፣ መጨረሻ ላይ የቻይና ፓስፖርት ስክሪኑን ሞልቶ ይወጣና ውጪ ሀገር አደጋ ቢገጥምህ ከኋላህ ጠንካራ እናት ሀገር አለችህ ይላል። የፈረንጆቹ ላይ መንግሥት ስለማይረባ አባት ይታጠቃል፣ እዚህ መንግሥት ራሱ ወላጅ ሆኖ ቁጭ ይላል። እኛን የሚመስሉት ሰዎች ግን ወይ ይተኩሳሉ ወይ ይሮጣሉ፣ የቱንዱን እናት እንኳን ፋብሪካ ድረስ ሄዶ የሚያወጣት ቻይናዊው ነው። የሀገሩ አባቶች የት ሄደው ነው ብሎ ፊልሙ አልጠየቀም፣ እኔ ግን ከሻይ እረፍት በኋላ እናንተን ልጠይቅ ነው፣ በተለይ ኋላ የተቀመጣችሁትን።