«ጭንቀት ነው» አትበሉን

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

እንድናገር የተጠየቅሁት የኮቪድን ጊዜ እንዳስታውስ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ሲባል የት እንደነበራችሁ ታውቃላችሁ። የኮቪድ ታማሚዎች የተኙባቸውን ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልንና ሚሊኒየም አዳራሽን፣ በላብ ያጠመቀንን የመከላከያ ልብስ (ፒፒኢ) ለእናንተ አልተርክም። የመጣሁት ገና ስላላለፈልን ነገር ልናገር ነው፤ ኮቪድ ከለቀቀ በኋላ ለወራት ስለሚቆየው ሕመም፣ ስለ ሎንግ ኮቪድ።

አንዲት እህታችን አለች። የሌሊት ተራ (ናይት) አብረን ገብተናል። የአንድ ዋርድ መድኃኒት በሙሉ በቃሏ የምትይዝ ነርስ ነበረች። ኮቪድ ያዛት፤ ኦክስጅን እንኳ ሳያስፈልጋት ቤቷ ተኝታ ዳነች። ከወራት በኋላ አንድ ሌሊት የመድኃኒት ጋሪው (ትሮሊው) ፊት ቆማ አገኘኋት። ሲሪንጁ በእጇ ነው፣ መድኃኒቱ ተቀድቷል። «ለማን ነው የቀዳሁት?» አለችኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። የታማሚዎቹን መዝገብ (ቻርቱን) አብረን አየን፣ የተቀዳውን ደፋን፣ እንደ አዲስ ቀዳን። ከዚያ ወዲህ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። የአልጋ ቁጥር፣ ሰዓት፣ የተረኛውን ሐኪም ስም ሳይቀር። ወሬ ጀምራ መሀል ላይ ይጠፋባታል።

ለአለቃዋ ስትነግር ምን ተባለች? «ጭንቀት ነው፣ ይለቅሻል።» ቀጥሎ ምን መጣ? የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ! ሞት በር ላይ ቆሞ ሳለ ሥራ ለገባች ሴት፣ ማስጠንቀቂያ!

ጭንቀት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለሎንግ ኮቪድ ትርጉም ሲያወጣ የማሰብና የማስታወስ ችግርን ከዋና ምልክቶቹ ቆጥሮታል። በእንግሊዝ 785 ሰዎች ሁለት ጊዜ የአንጎል ኤምአርአይ ተነሡ። በሁለቱ ምርመራዎች መካከል 401ዱን ኮቪድ ይዟቸው ነበር፤ አብዛኞቹ ሆስፒታል አልተኙም። ሆኖም ከማሽተትና ከማስታወስ ጋር በተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ላይ ካልታመሙት የባሰ መሳሳት ታየ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ታዲያ የእኛዋን እህት ማን ኤምአርአይ አነሣት? ማን ጠየቃት?

ቁርጥ ያለ መድኃኒት እስካሁን የለውም። ብዙዎች በጊዜ ይሻላቸዋል። ደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ የእንቅልፍ ችግር እንዳይሆን ግን መመርመር ይቻላል። ናይት ማስቀረት ይቻላል። መድኃኒት ሲቀዳ ሁለተኛ ሰው እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሁሉ ብዙ በጀት አይጠይቅም።

ጥያቄያችን በደብዳቤ ተዘጋጅቷል። ከቅጣት በፊት ምርመራ ይቅደም ይላል። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሳትፈርሙ እንዳትወጡ።

አመሰግናለሁ።