ፊደልና ፎንት አንድ አይደሉም

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ነበር። እሱ በደብተር ጻፈ፣ አንዲት ልጅ በኮምፒውተር ለቀመችለት። ደብተሩ ቤት ስንቀይር ጠፋ። እሱ ካረፈ በኋላ ፋይሉን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። አንድም የአማርኛ ቃል የለም። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት። ተበላሸ ብዬ አለቀስኩ። ፋይሉ ግን አልተበላሸም ነበር። ከመጀመሪያውም ውስጡ አማርኛ አልነበረም።

ዛሬ እዚህ ያላችሁት ጽሑፍ የምትለቅሙ፣ መጽሐፍ የምታሰናዱ፣ ፎንት የምትሠሩ ሰዎች ናችሁ። ያ ፋይል ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ፈለግሁ።

ፊደል ስምምነት ነው። ይህ በ ነው፣ ይህ ቡ ነው ብለን የተስማማነው ነገር። ፎንት ደግሞ የዚያ ምልክት አሣሣል ነው። ፊደል ስንቆጥር መምህሩ በጠመኔ የጻፉት ለ ገበታው ላይ ከታተመው ለ ጋር በመልክ አይገናኝም ነበር። ሁለት ዓይነት ለ አለ ያለ ልጅ ግን አልነበረም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ግን ሌላ ነገር ናቸው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፣ ሆኖም ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱን በሌላው ብትተካ የቀየርከው ፎንት ሳይሆን ፊደል ነው።

ታሪካችንም ይህን ልዩነት በደንብ ያሳያል። በአራተኛው መቶ ዘመን አካባቢ፣ ተነባቢ ብቻ ይጽፍ የነበረው ግዕዝ አናባቢ የሚያሳይ ምልክት ጨመረ። ይህ የፊደል ለውጥ ነው። በኋላ አማርኛ የራሱን ድምፆች ለመጻፍ ከሰ ሸን፣ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከደ ጀን አወጣ። ይህም የፊደል ለውጥ ነው። በ1513 እ.ኤ.አ. ግን ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሲያሳትም ፊደሉ ያው የቀድሞው ነው። አዲስ የነበረው ከብረት የተሠራው መልክ ነው። ፎንት የሚለው ቃል ራሱ ብረት አቅልጦ ቅርጽ ማውጣትን ከሚያመለክት የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ነገሩን ለእኔም የገለጠልኝ እሱ ነው። ጀርመኖች እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ድረስ መጽሐፍና ጋዜጣ በብዛት ያትሙበት የነበረ ፍራክቱር የሚባል አጻጻፍ ነበር። ያልለመደ ሰው አንድ ገጽ ማንበብ ያቅተዋል። ፊደሉ ግን ያው ላቲን ነው። በተቃራኒው ደግሞ የላቲኑን ኤ፣ የግሪኩን አልፋ እና የሩሲያውን አ በትልቁ ጽፋችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዓይን አይለያቸውም። ሆኖም የሦስት ጽሕፈቶች ሦስት ፊደላት ናቸው። መልክ ሊለያይ ፊደል አንድ ሊሆን ይችላል፤ መልክ አንድ ሆኖም ፊደል ሊለያይ ይችላል።

ኮምፒውተር ይህን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ለዓለም ጽሕፈቶች ፊደላት ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የሚሰጥ ዩኒኮድ የሚባል ስምምነት አለ። በዩኒኮድ የላቲኑ ኤ 65 ነው። የግሪኩ 913፣ የሩሲያው 1040። የእኛ ሀ 4608 ነው፣ ለ 4616፣ በ 4704። ፋይል ውስጥ የሚቀመጠው ይህ ቁጥር ነው። ፎንቱ የሚመጣው በኋላ፣ ቁጥሩን ስክሪን ላይ ለመሣል ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ለእኛ የተመደበ ቁጥር በዩኒኮድ አልነበረም። ታዲያ አማርኛ እንዴት ተጻፈ? ሠሪዎቹ መላ ፈጠሩ። የላቲን ፊደላትን ቁጥር ወስደው በላያቸው የእኛን መልክ ሣሉ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። በዚያ ላይ እንደ ቋ ያሉት ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ አሉ። አንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ስለሆነ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት አከፋፈሉት። እነዚያን ሰዎች አልወቅስም። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ብዙ ጽሑፍ ሳይለቀም ይቀር ነበር። ግን ሐቁን እንወቀው፦ ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይታይ እንጂ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ቁጥር ነው። የአባቴም ታሪክ እንደዚያ ነበር። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ሲጠፋ አማርኛውም አብሮ ጠፋ።

ስለዚህ አንድ ፋይል አልነበብ ሲላችሁ የሚታየውን ነገር ለዩ። ባዶ ሳጥን ሳጥን ከሆነ አትደንግጡ። ፊደሉ አለ፣ የጎደለው ፎንት ነው፤ ስትጭኑ ይመጣል። የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ በድሮ ፎንት የተለቀመ ነው። ያን ፎንት ፈልጎ መጫን ለዓይን ይጠቅማል እንጂ በሽታውን አያድነውም። ፋይሉ ውስጥ አንድ የአማርኛ ቃል በዩኒኮድ ጽፋችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። መድኃኒቱ ቁጥሮቹን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። ለዚያ ደግሞ ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደተለቀመ ማወቅ ግድ ነው፣ እያንዳንዱ የራሱ አቀማመጥ ነበረውና። የፎንቱ ስም ከጠፋ ሥራው እንቆቅልሽ መፍታት ይሆናል።

ፎንት ለምትሠሩ ወጣቶች አንድ ነገር ልበል። በመልክ የፈለጋችሁትን አድርጉ፤ አዲስ መልክ ያስፈልገናል። ስምምነቱን ግን አትንኩብን። በ እና ቡን የሚለየው ቀኝ እግር መሐል ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ናት። ያቺው ጭረት ወደ ታች ስትወርድ ቢ ይሆናል። ለውበት ብላችሁ ካሳጠራችኋት አንባቢው የሚያነበው ሌላ ቃል ነው። ዐ እና ፀም እንዲሁ፤ ልዩነታቸው መሐሏ ላይ ያለችው መስመር ናት። ሥራችሁን በትልቁ ብቻ አትዩት። በትንሽ ስልክ፣ በደቃቅ መጠን፣ መነጽር በሚያደርግ ሰው ዓይን እዩት።

የአባቴን ፋይል ያዳነችልኝ የለቀመችው ልጅ ናት። ፈልጌ አገኘኋት፣ የፎንቱን ስም ታስታውሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያውን ገጽ በአማርኛ አነበብኩት። የተወለደበትን ወር ጽፎ፣ እናቱ የነገረችውን ነው ብሎ ይጀምራል።

በዚያ ዘመን የለቀማችሁ ሰዎች ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። በየትኛው ፎንት ትሠሩ እንደነበር በየፋይላችሁ ስም ላይ ጻፉልን። ሻይ ላይ ላፕቶፔን ይዤ እቀመጣለሁ። በፍላሽ የያዛችሁት የድሮ ፋይል ካለ አምጡት፣ አብረን እንከፍተዋለን።

አመሰግናለሁ።